ደረጃው ላይ የተገኘው ጥርስ

«የእሷው ጥርስ ነው። ስትወድቅ ወልቆ ይሆናል» አለ ሳጅኑ።

ጥርሱን ወረቀት ላይ አድርጎ አቀበለኝ። በሌላው እጁ ያበጠ ጉንጩን ደግፏል። ሳምንቱን ሙሉ መንጋጋው ሲጠዘጥዘው ከርሞ፣ ሐኪም ፊት አልቀርብም ብሎ ያስቸገረን ሰው ነው። እግዜር ሲቀልድበት የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ውስጥ ወንጀል ተፈጸመና እኔን ተከትሎ መጣ።

የቆምነው ከሁለተኛ ፎቅ በጓሮ በኩል በሚወርደው ደረጃ መታጠፊያ ላይ ነው። አምቡላንሱ ሴትዮዋን ይዞ ገና መሄዱ ነበር። ታችኛው እርከን ላይ ደም አለ፤ አንድ እግር ጫማ ብቻውን ተጋድሟል፤ የቢሮ ቁልፎች ተበታትነዋል። ያገኘቻት የጽዳት ሠራተኛ ባልዲዋን ገልብጣ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«እትዬ፣ ሰው አላዩም?»

«ኧረ እኔ ማንንም! ክሊኒኩ ተዘግቶ ልጠርግ ስመጣ ነው ያየኋት። ውይ ውይ ውይ! ክፉ ሴት አልነበረችም እኮ። ደረቅ ብቻ ናት።»

ደረቋ ሴት የተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ ክፍል ኃላፊ ናት። መክፈል የማይችል ተማሪ ሁሉ በየዓመቱ በእሷ ጠረጴዛ በኩል ያልፋል። እሷ እሺ ካለች ይማራል፤ እምቢ ካለች ጋውኑን አጣጥፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ተማሪዎቹ «ማኅተም» ነው የሚሏት።

ሆስፒታል ደወልኩ። ሐኪሙ ጭንቅላቷ ክፉኛ እንደተመታ፣ ራሷን እንደማታውቅ፣ ትተርፋለች ለማለትም ገና እንደሆነ ነገረኝ።

«ጥርሷስ?»

«ምን አሉኝ?»

«የፊት ጥርሷ ወልቋል ወይ?»

ስልኩን አስቀምጦ ሄደና ተመለሰ። «ሙሉ ነው። እንዲያውም ያማረ ጥርስ ነው ያላት። የጃኬቷ እጅጌ ግን ከትከሻው ተተርትሯል።»

ደረጃ እጅጌ አይተረትርም። አንድ ሰው ይዟታል። ያ ሰው ደግሞ ወይ የራሱን ጥርስ ጥሏል፣ ወይ የሌላ ሰው ጥርስ ይዞ ሲዞር ነበር። ይህን ስናገር ሳጅኑ ጉንጩን ለቀቀና አፉን ከፍቶ አየኝ።

ዲኑ ቢሮው ውስጥ እጁን እያፍተለተለ ጠበቀኝ። «አደጋ ነው። ያ ደረጃ ያንሸራትታል፤ ስንቴ አመለከትን መሰለዎት!»

«እጅጌዋንም ደረጃው ነው የቀደደው?»

«እኔ እንጃ። ብቻ ዛሬ ነገ ሳትሉ ብትጨርሱልን ጥሩ ነው። ምዝገባ ደርሷል።»

ሰው በሞትና በሕይወት መሀል ተኝቶ ስለ ምዝገባ የሚያወራኝን አልወድም። ደሜ ፈላ። አንድ ነገር ከአፌ ሳያመልጥ ወጣሁና የላብራቶሪዋን መምህርት ፈለግኩ። አጭር፣ ፈጣን፣ ሽርጧ በጀሶ የነጣ ሴት ናት። ጥርሱን ተቀበለችና ወደ መብራቱ አስጠጋችው።

«ሰው ሠራሽ ነው። ሥሩ ላይ ያለው ሮዝ ነገር ይታይዎታል? ሰም ነው።»

«ሰም ምን ያደርጋል?»

«ጥርሱ ላለቀበት ሰው ሙሉ ጥርስ ስንሠራ መጀመሪያ ጥርሶቹን ሰም ላይ ነው የምንተክላቸው። በሽተኛው አፉ ውስጥ አድርጎ ይሞክረዋል። ከተስማማው በኋላ ሰሙ በጠንካራ ነገር ይተካል። ሲያዩት ያለቀ ጥርስ ነው የሚመስለው፤ ግን አይበላበትም። አፍ ውስጥ ከቆየ ይለሰልሳል።»

«ከክሊኒኩ ይወጣል?»

«በጭራሽ! ወንበሩ ላይ ተሞክሮ እዚያው ይወልቃል።»

«ስንት ተማሪ ነው አሁን ይህን የሚሠራው?»

«የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሁሉ። አንድ ሙሉ ጥርስ ሳይሠሩ መመረቅ የለም። መከራችን ጥርስ የሌለው ሰው ማግኘቱ ነው። ልጆቹ አውቶቡስ ፌርማታ ቆመው ‹አባባ፣ እስቲ አንዴ ይሳቁ› እያሉ ሽማግሌ ሲያሳድዱ ይውላሉ። ባለፈው ለአንድ አዛውንት ሁለቱ ሊደባደቡ ደርሰው ነበር።»

«ኃላፊዋ ላይ ጥርስ የነከሰ አለ?» ብዬ ስጠይቅ በገዛ ንግግሬ ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት።

«ያልነከሰባት ማን አለ? ጠበቃው እንኳ ባለፈው ሳምንት በሯን በርግጫ ሊገነጥለው ነበር።»

ጠበቃው የሕግ ሰው አይደለም። እሱም የጥርስ ሐኪም ለመሆን ነው የሚማረው፤ አቤቱታ ስለሚያበዛ የወጣለት ስም ነው። በማግስቱ ጠዋት አስጠራሁት። ገና ሲቀመጥ ሳልጠይቀው ለፈለፈ።

«አዎ፣ ጮኼባታለሁ! እርስዎ ቢሆኑ አይጮሁም? ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ሚስት አለኝ፣ ልጅ ወልጃለሁ። ድጋፍ ስጠይቅ የአባትህን ገቢ አምጣ፣ አባትህ መጥቶ ይፈርም ትለኛለች። ከአባቴ ጋር ከተኮራረፍን ስንት ጊዜያችን! እኔ ራሴ የሰው አባት ነኝ ብላት፣ ሐኪም እስክትሆን ድረስ የቤተሰብህ ልጅ ነህ፣ ደንቡ ነው አለችኝ።»

«አባት የሌለውስ?»

«የሞተበት ብቻ ነው የሚታለፈው። የኔው ደግሞ ጤናው ግሩም ነው። ምን ላድርግ?»

ሳጅኑ ሳቀና ወዲያው ጉንጩን ያዘ።

«ትናንት ክሊኒኩ ሲዘጋ የት ነበርክ?»

«ቤተ መጻሕፍት።»

«ቤተ መጻሕፍቱ ትናንት ከቀትር ጀምሮ ዝግ ነበር።»

ወደ መስኮቱ አየ፣ ወደ በሩ አየ፣ ከዚያ አንገቱን ደፋ።

«ሆቴል ሳህን አጥባለሁ» አለ። «ሥራ እንዳለኝ ካወቀች ያቺኑ ድጋፍ ትቀንስብኛለች። ኢንስፔክተር፣ በናትዎ ይሄን እንዳይጽፉት።»

ሆቴሉ ድረስ ሄድን። የወጥ ቤቱ ኃላፊ እየሳቀ፣ «ትናንት ከሰዓቱን ሙሉ እዚሁ ነበር። እጁ ሲያጥብ አፉ ይከሰኛል» አለን። ግማሽ ቀኔ በከንቱ ሄደ። እኔ ደግሞ በከንቱ የሚሄድ ነገር ያቃጥለኛል። ስንመለስ ሳጅኑን ያለ ጥፋቱ ሁለት ጊዜ ጮኼበታለሁ።

እግረ መንገዴን የግቢውን ጥበቃ አነጋገርኩት። ስለ ተማሪ ሳይሆን ስለ በሽተኛ ጠየቅሁት።

«ሽማግሌ ሲወጣ አላየህም?»

«ሽማግሌማ እዚህ ሞልቷል። ግን…» አለና ራሱን አከከ። «አንድ ሰውዬ ክሊኒኩ ከተዘጋ በኋላ እየሮጡ ወጡ። በዚያ ዕድሜ ሲሮጡ ገረመኝ። ማዶ ግንቡ ሥር ተቀመጡና አፋቸውን በሻርፕ ሸፈኑ። አምቡላንሱ ሴትዮዋን ይዞ እስኪሄድ ድረስ ከዚያ ንቅንቅ አላሉም።»

የሚያመልጥ ሰው ቁጭ ብሎ አምቡላንስ አይጠብቅም።

ላብራቶሪው ውስጥ በሰም የተተከሉት ጥርሶች በየጀሶው ላይ ተደርድረው መደርደሪያ ሞልተዋል። ብዙ አፍ ባንድ ላይ ሲስቅብህ ደስ አይልም። ሳጅኑ በሩ ላይ ቀረ። ከመምህርቷ ጋር አንድ በአንድ አየን፤ ጥርስ የጎደለው አንድም የለም። ወሽመጤ ቁርጥ አለ።

«ከሌላ ቦታ የመጣ ይሆን?» አልኳት።

«እኔ እንጃ። የኛ ዓይነት ነው ግን።»

ያኔ ነው አንዱ ላይ ዓይኔ ያረፈው። ሌሎቹ ጥርሶች እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብለዋል። የዚህኛው ግን ከፊት ያሉት ሁለቱ ተደራርበዋል። ሰሙም እንደ አዲስ ያብለጨልጫል።

«ይሄኛው ለምን ተጣመመ?»

«ኧረ እሱን ተዪኝ!» አለች፤ ንዴቷ ‹እርስዎ› ማለቱን አስረሳት። «የረጅሙ ነው። ቀጥ አድርገህ ትከል ብለው አሻፈረኝ አለ። ሽማግሌው ድሮ ጥርሳቸው እንዲህ ነበር አለኝ። የመጀመሪያው ፀሐይ መትቶት ቀለጠብኝ ብሎ ዛሬ ጠዋት እንደገና ሲተክል እንኳ መልሶ አጣሞታል!»

ደረጃው ላይ የተገኘውን ጥርስ ሰጠኋት። ከጎኑ አስጠጋችው። ሁለቱም በአንድ ጎናቸው ተሞርደዋል፤ ካልተሞረዱ አይደረቡም። መምህርቷ ቀስ ብላ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች።

«ግን እሱ ሊሆን አይችልም» አለች። «ክሊኒኩ ከተዘጋ በኋላ አብሮኝ ጀሶ ሲያፈስ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋን ጩኸት የሰማነው አብረን ነው።»

«እሱ ነው አላልኩም። ሽማግሌውስ?»

«እሳቸውን አላየሁም። እሱም ፊቱ ጥሩ አልነበረም።»

ረጅሙ እውነትም ረጅም ነው፤ በር ሲያልፍ አንገቱን ይሰብራል። ከንፈሩን ገጥሞ ነው የሚናገረው። ክሊኒኩ ውስጥ ባዶ ወንበር አጠገብ ቆመን ጠየቅሁት።

«ሽማግሌው የት ናቸው?»

«ቀጠሯቸው ገና ነው።»

«ትናንትስ ጥርሱን የሞከርክላቸው መቼ ነው?»

«ሞክረን አወለቅነው። ከዚያ ቀለጠብኝ።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የሚዋሸው፤ ግን ጉሮሮው ላይ የምትወጣና የምትወርድ ነገር ታሳብቅበታለች። ሳጅኔ በበኩሉ መቆም ሰልችቶት ሳያስበው የበሽተኛው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ረጅሙ ዞር ብሎ ጉንጩን አየ።

«ሳጅን፣ ይሄማ መግል ቋጥሯል። እስቲ አፍዎን ይክፈቱ።»

ሳጅኑ የተኮሱበት ያህል ከወንበሩ ተስፈንጥሮ መሣሪያ የተደረደረበትን ሳህን ይዞ ወደቀ። ረጅሙ ሳያስበው ሳቀ፤ አፉን ከፍቶ፣ ከልቡ። ከፊት ያሉት ሁለት ጥርሶቹ አንዱ በሌላው ላይ ተደርበዋል።

ሳቁ እስኪበርድ ጠበቅሁት።

«ሽማግሌው ምንህ ናቸው?»

«በሽተኛዬ።»

«ዝምድና የላችሁም?»

«የለንም።»

«አባትህስ?»

«ሞቷል።»

መልሱ ፈጠነብኝ። የክሊኒኩን ካርድ አየሁ፤ ስማቸው ከልጁ አባት ስም ጋር አይገናኝም። ካርዱን የሞላው ግን ልጁ ራሱ ነው።

«ሰውዬው ጥርሳቸው ካለቀ ብዙ ዘመን ሆኗል። እንዴት እንደነበር ማን ነገረህ? እሳቸው ናቸው ወይስ መስታወትህ?»

ፊቱ አመድ መሰለ። «አባቴ ሞቷል» አለ ደግሞ፣ አሁን በሹክሹክታ። «ይሄ ነው የኔ መልስ፤ ሌላ መልስ የለኝም።»

ለምን እንደሌለው ገባኝ። ድጋፍ ክፍሉ ያለ አባት ፊርማ ያሳለፈው አባቱ ሞቷል ብሎ ስለጻፈ ነው። ውሸቱ ከታወቀ ይባረራል፤ መመረቂያው አፍንጫው ሥር ደርሶ።

ሽማግሌውን በካርዱ አድራሻ ያገኘናቸው ከአንድ ጎማ ጥገና ጀርባ በተከራዩት ጠባብ ክፍል ነው። ዕድሜያቸውን በረጅም መንገድ ጭነት መኪና የፈጁ ሾፌር ናቸው። አልጋ ላይ ቁጭ ብለው፣ አፋቸውን በሻርፕ ሸፍነው ጠበቁን። ማንነቴን እንኳ አልጠየቁም።

«ሞተች?» አሉኝ።

«አልሞተችም። ግን ራሷን አታውቅም።»

«እኔ ነኝ» አሉ። «ጥርሴን አይታ ሳቀችብኝ። ተናደድኩ፣ ገፈተርኳት። ልጄ፣ ይህንኑ ጻፊና እሰሪኝ።»

«ሁለተኛ ፎቅ ምን ሊሠሩ ወጡ?»

«መጸዳጃ ፈልጌ።»

«መጸዳጃው ታች ነው። ላይ ያለው ድጋፍ ክፍል ብቻ ነው። ልጅ አለዎት?»

«የለኝም።»

«አባባ፣ ልጅዎን አይቼዋለሁ። ሲስቅም አይቼዋለሁ።»

ሻርፑ ከእጃቸው ወደቀ። ያለ ጥርስ ፊታቸው ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ዓይናቸው ግን የልጁ ነው። ቁርጥ የልጁ። ሳጅኑ ሳልነግረው ወደ ውጭ ወጣ።

«በሕፃንነቱ ነው ትቼው የሄድኩት» አሉ። «ሌላ ከተማ ሌላ ሚስት ነበረችኝ። እናቱ ብቻዋን አሳደገችው። ጥርስ በነፃ ይሠራል ሲሉኝ ልሰለፍ ሄድኩ፤ ስሜን ሲጠሩ አንድ ረጅም ልጅ ወረቀት ጥሎ ቆመ። አባባ እንኳ አላለኝም። ‹ይቀመጡ› አለኝ። እኔ ጥርስ ያስፈልገኛል፣ እሱ ጥርስ የሌለው ሰው ያስፈልገዋል፤ በዚሁ ተስማማን።»

«ትናንትስ?»

«ትናንት ጥርሱን አፌ ውስጥ አድርጎ መስታወት ሰጠኝ። ያ የድሮው ሰውዬ ነው የሚያየኝ! ‹ለመሆኑ የትምህርቱን እንዴት ትችለዋለህ?› አልኩት። ‹ድጋፍ ክፍል በየዓመቱ የአባት ፊርማ እያለ ተማሪውን ያሠቃያል› አለኝ። እሱ በምን እንዳለፈ አልነገረኝም። ጀሶ ሊያመጣ ዞር ሲል ተነሣሁ። ላንድ ጊዜ እንኳ ልጥቀመው አልኩ። ጥርስ አለኝ፣ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ፣ አባት እመስላለሁ አልኩ።»

ውሃ ቀዳሁላቸው፤ አልጠጡትም።

«ስሙን ከነስሜ ነገርኳት። አባቱ ነኝ፣ ልፈርም መጣሁ አልኳት። አገላብጣ አገላብጣ ቀና አለችና፣ ‹እርስዎማ ሞተዋል› አለችኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ እሷ እንደማትስቅ አየሁ። ቁልፏን አንሥታ ወደ ዲኑ ልትወርድ ተነሣች። ተከተልኳት። እኔ ነኝ የሞትኩበት፣ እሱ ምን ያድርግ፣ እባክሽ ተመለሽ እያልኩ እጅጌዋን ያዝኩ። ስትመነጭቅ… ስጮህ ጥርሱም ከአፌ ወጣ። ለቃቅሜ ሮጥኩ። አንዱን ሳላየው ቀርቻለሁ።»

«ይህን ቃል ይፈርሙልኛል?»

«አልፈርምም» አሉ ጠንከር ብለው። «ስቃብኝ ገፈተርኳት ብለሽ ጻፊ። በዚያ ነው የምፈርመው። ልጅ የለኝም።»

ጣቢያ ስንደርስ ስልክ ተደወለ። ሴትዮዋ ነቅታለች፤ ትተርፋለች። ከዚያች ቀን ግን ምንም አታስታውስም። አንድም ነገር። ዲኑም ደወለ፤ ሰውዬው ካመነ ነገሩ ቶሎ ይዘጋ አለኝ። ሊዘጋም ይችል ነበር። እግሬ ግን አላስቀምጥ አለኝ። በኮሪደሩ ስመላለስ ቆየሁና ኮቴን አንሥቼ ረጅሙን ፍለጋ ሄድኩ።

ግቢው በር ላይ አገኘሁት። ሳላለሳልስ ነገርኩት።

«ሴትዮዋ ምንም አታስታውስም። ሽማግሌው አንተን አያውቁህም፤ ስቃብኝ ገፈተርኳት ብለው ፈርመዋል። ዝም ካልክ ትመረቃለህ። እሳቸው ግን ሆን ብለው ሴት ደረጃ ላይ የገፈተሩ ሰው ሆነው ይፈረድባቸዋል፤ በዚያ ዕድሜ ከእስር የሚወጡም አይመስለኝም። ከተናገርክ ሲለምኗት የደረሰ አደጋ መሆኑ ይታያል። አንተ ግን ትባረራለህ። ማስገደድ አልችልም። ነገ ጠዋት መዝገቡን አስተላልፋለሁ።»

«ሊፈርም ነው የወጣው?» አለኝ።

«ሊፈርሙልህ ነው።»

ከንፈሩን ገጥሞ ወደ ግቢው ተመለሰ። አንጀቴን በላው፤ ግን ተናድጄበትም ነበር። ሁለቱም ተሰማኝ።

በማግስቱ ማለዳ መዝገቡን ይዤ ልወጣ ስል ተረኛው ፖሊስ ከአንድ ሰው ጋር ሲነጋገር ሰማሁ።

«ለተጠርጣሪው ምኑ ነህ?»

«ልጁ።»

«እሱ ልጅ የለኝም ብሎ አስመዝግቧል እኮ።»

«አለው» አለ ረጅሙ። «እኔም ሞቷል ብዬ አስመዝግቤ ነበር። ሁለቱንም ላስተካክል ነው የመጣሁት።»

ድምፁ ማረፊያ ክፍሉ ድረስ ደርሶ ነው መሰለኝ ከውስጥ በሩ ተደበደበ። «አላውቀውም!» ይላሉ ሽማግሌው። «ልጄ ሙች አላውቀውም! አስወጡልኝ! ወደ ትምህርቱ ይሂድልኝ!»

ረጅሙ ወደ በሩ ዞር አለ። ዓይኑ ሞላ፤ ግን ወደዚያ አልሄደም። ወንበር ወደ ጠረጴዛዬ ስቦ ተቀመጠና፣ «ከየት ልጀምር?» አለኝ።

«ከስምህ» አልኩት። «ከነአባትህ።»

ነገረኝ። ከነአባቱ ጻፍኩት።